የቀዳዳው ባለቤት

«ኳ ኳ» አለ ከአጥሩ ወዲያ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ «ኳ» ሲል መለሰለት።

ፌሮ የያዘውን የመስኮት ፍርግርግ ትቶ የብየዳ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው። ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው። ሁለት ምት፣ ከዚያ አንድ ምት፣ ከዚያ የመዶሻ ውርጅብኝ፣ ከዚያ ሳቅ። ምቱስ ምንም አይደል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ነው የሚውለው። ጨጓራውን የላጠው ሳቁ ነበር። ከሁለቱ ሳቆች አንዱ የአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት አይስቁም። በቂ ምክንያት ሲኖርም ብዙውን ጊዜ ያስቡበታል እንጂ አይስቁም።

ፌሮን ሰፈሩ ፌሮ ያለው ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ደግሞም በቀላሉ ስለማይታጠፍ ነው። ወርክሾፑ በር ላይ በገዛ እጁ «ማንኛውንም ብረት እንበይዳለን» ብሎ ጽፏል። «ማንኛውንም» የምትለዋን ቃል ሲጽፍ ስሜት ውስጥ ስለገባ ለ«እንበይዳለን» የቀረው ቦታ ጠቦ፣ የመጨረሻዎቹ ፊደላት በሩ ጠርዝ ላይ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጨናንቀዋል። ወርክሾፑን ከአባቱ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሁለት ቆርቆሮ የሚገናኙበት ላይ ለአንድ ዓይን የሚበቃ ክፍተት አለ። ፌሮ ዓይኑን አስጠጋ።

የአባቱ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ በሁለት በርሜሎች ላይ ተጋድማለች። ውስጧ የእህቱ ባል ተንበርክኳል፤ የጥርስ ሐኪሙ። እጁ ላይ ነጭ ጓንት፣ ደረት ኪሱ ላይ ያቺ የሰው አፍ ውስጥ የሚያስገባት ባለ እጀታ ትንሽ መስታወት። ከጀልባዋ ሥር ደግሞ አባቱ ጆንያ አንጥፈው በጀርባቸው ተኝተዋል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን ቆርቆሮ አጣብቆ የያዘው ሪቬት ሲላላ ውሃ ያስገባል፤ እንደገና እንዲጠብቅ አንዱ ከላይ በመዶሻ ሲመታው ሌላው ከታች ከባድ ብረት ደግፎ መያዝ አለበት። ከላይ ያለው «ዝግጁ?» ለማለት ሁለቴ ያንኳኳል፤ ከታች ያለው «ምታ» ለማለት አንዴ።

«ይሄን ቋንቋ ደግሞ መቼ ተማሩት?» አለ ፌሮ ለአጥሩ።

ከሁሉም ያንገበገበው ግን ጃንጥላው ነው። አባቱ ትልቁን ጥቁር ጃንጥላቸውን ከጀልባዋ መቀመጫ ጋር በሲባጎ አስረው ለዶክተሩ አናት ጥላ ሠርተውለታል። ፌሮ ብየዳ የጀመረ ሰሞን በጠራራ ፀሐይ በር ሲበይድ፣ አባቱ አጠገቡ ቆመው «ፀሐይ ሰው አይገድልም» ብለውት ገብተዋል። እውነትም አልገደለውም። ጃንጥላ ያስፈልገው እንደነበር ግን ዛሬ ገና ገባው።

አባቱ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጀልባዋን የገዟት በሥራ ዘመናቸው ነው፤ «ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስነዳ እከርማለሁ፤ እሁድ እንኳ እኔ ልነዳ» ብለው። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ሲወጡ እሳቸው መሐል መቀመጫ ላይ ሒሳቡን እንደከፈለ ተሳፋሪ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ሞተሩን የሚይዘው ፌሮ ነው። ክንዱ የሞተሩን እጀታ መግፋት ከቻለበት ዕለት ጀምሮ ያ ቦታ የእሱ ሆነ። እህቱ አንድ እሁድ «እኔም ልያዝ» ብላ ስታለቅስ አባቱ «መስመሩ ተይዟል» ብለዋታል። ፌሮ በዕድሜው የተሾመው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ጀልባዋ አረጀች። መጀመሪያ በጣሳ፣ ቀጥሎ በባልዲ ውሃ ሲጨልፉላት ቆዩ፤ አንድ እሁድ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ሲጨልፉ ውለው ተመለሱና ዛፍ ሥር ደፏት። አባቱ «ታያታለህ?» አሉት። ፌሮ «ቅዳሜ» አላቸው። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገረም። እሳቸውም ሰው መነዝነዝ ስለማይወዱ እየቆዩ፣ እየቆዩ ነው የሚጠይቁት፤ እሱም እየቆየ፣ እየቆየ «ቅዳሜ» ይላል። በጣም ሲያፋጥጡት «አባባ፣ አሉሚኒየም እኮ ብረት አይደለም፤ የድስት ክዳን ነው» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ሌላ ነበር፤ አሉሚኒየም በይዶ አያውቅም። ያንን የመሰለ ጽሑፍ በሩ ላይ የሰቀለ ሰው ደግሞ ይህን ለማን ይናገራል?

እህቱ የጥርስ ሐኪም ስታገባ ፌሮ ደስ ብሎት ነበር። ጥርስና ብየዳ የት ይገናኛሉ ብሎ። ሰውየው ግን አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ዛፉ ሥር ቆመና በሽተኛ እንደሚያይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «አባባ፣ ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት?» አለ። አባቱ ሮጠው ወንበር አመጡለት። ነገር የተበላሸው ያን ዕለት ነው።

ጀልባዋን በርሜል ላይ አውጥተው ሆዷን በውሃ ሞሏት። ሐይቅ ላይ ውሃ የሚገባበት ሁሉ ደረቅ ላይ ውሃ ይወጣበታል፤ ከሥር ሆኖ የሚንጠባጠበውን እየፈለጉ በጠመኔ ማክበብ ነው። ዶክተሩ አቆጣጠሩን ከክሊኒኩ አመጣ። «ታችኛው ግራ፣ ስድስተኛ፤ ይነቃነቃል። ሰባተኛ፤ ለጊዜው ደህና ነው፣ ግን እንከታተለዋለን።» አባቱ ጠመኔ ይዘው እንደ ነርስ ሲከተሉት ዋሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን እያራገፉ፣ ፌሮ አጥሩ ላይ ተለጥፎ እየሰማ፣ አዋጁን አወጁ።

«እንግዲህ ዶክተር፣ በሚመጣው እሁድ ውሃ ላይ ትወርዳለች። ያዳናት ሰው ይነዳታል።»

ፌሮ ያን ቀን የበየደው በር እስከ ዛሬ ድረስ በወጉ አይዘጋም።

አሁን እንግዲህ ያቺ እሁድ ነገ ናት። ሳቁ ሲበዛበት ፌሮ ጭንብሉን አውልቆ መዶሻ የሚዋስ መስሎ በአጥሩ በር ገባ። እጁ ላይ መዶሻ እንዳለ ትዝ ያለው ከገባ በኋላ ነው።

«ምነው?» አሉት አባቱ ከጀልባዋ ሥር፣ ጫማውን አይተው ለይተውት።

«መዶሻ ፈልጌ።»

«የያዝከውስ?»

«ሌላ መዶሻ።»

ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ እጁን ዘረጋለት። «ፌሮ፣ እንኳን መጣህ። ባለሙያው አጥር ጥግ እያለ እኔ መዶሻ ማንሳቴ ራሱ ድፍረት ነው።»

ይሄ ሰው እንዲህ ነው። እንዳትጠላው አድርጎ ያናግርሃል፤ ከዚህ በላይ ሰውን የሚያስጠላ ነገር ደግሞ የለም።

«አፍሽን ክፈቺ ብለህ ነው የገባህባት?» አለው ፌሮ ጀልባዋን በክርኑ ነካ አድርጎ።

«አፏማ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እንዲህ የምትታዘዝ በሽተኛ አጋጥማኝ አታውቅም።»

አባቱ ከሥር ከት ብለው ሳቁ። ቀልዱን የጀመረው ፌሮ ሆኖ ሳለ ሳቁን ዶክተሩ ወሰደው።

«ዶክተር፣ ደከመዎ፤ ትንሽ ይረፉ እንጂ» አሉ አባቱ ከሥር እየወጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ ጥላው ላይ አትቁም፣ ለሳቸው ነው።»

ዶክተሩ መስታወቱን ከኪሱ አውጥቶ የኋለኛውን ወንበር ሥር እያየ፣ «አንድ ብቻ ነው የቀረን» አለ። ሞተር የሚይዘው ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ሥር ጣት የምታህል ስንጥቅ አለች። «ይቺ በሪቬት ብቻ አትድንም። ቁራጭ አሉሚኒየም ደርበንባት ዙሪያዋን ነው የምንመታው። አባባ፣ ሄደን ቁራጩን ፈልገን እንምጣ?»

«መበየድ ነው እንጂ» አለ ፌሮ። ቃሉን እሱም የሰማው ከወጣ በኋላ ነው።

አባቱ ቀና ብለው አዩት። «የድስት ክዳን ነው ስትል አልነበር?»

«የድስት ክዳንም እኮ ይበየዳል።»

«ተወው» አሉ ሱሪያቸውን እያራገፉ። «አንተ ሥራ ይበዛብሃል።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አባቱ ጃንጥላውን ከሲባጎው ፈቱና ከዶክተሩ ጋር ለሁለት ይዘውት ወጡ። ፌሮ ከኋላ ሆኖ አያቸው። አባቱ አጭር ናቸው፤ ዶክተሩ እንዳይነካው ብለው ክንዳቸውን ወደ ላይ ወጥረው ነው የያዙለት። እንደዚያ ወጥረው እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄዱ።

በደጁ ደረጃ ላይ እህቱ ብርቱካን እየላጠች ተቀምጣለች። ፌሮ ወደ ወርክሾፑ ገብቶ ጭንብሉን አናቱ ላይ አደረገ፤ መበየጃ ማሽኑን እዚያው እንደቆመ አስነሳውና ገመዶቹን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወረወራቸው። አንድ የሙያ ጓደኛው «ይሄ ለአሉሚኒየም ነው» ብሎ የሰጠውን ኤሌክትሮድም ከመሳቢያው ሥር ፈልጎ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው ወንድምዬ?» አለች እህቱ።

«ላግዛቸው።»

«ሳይኖሩ?»

«ሲኖሩማ መች ያስነኩኛል።»

«ባሌ እኮ ይፈራሃል።»

«ስለሚፈራኝ ነው አባቴን የወሰደብኝ?»

እህቱ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ አንዱን ጎረሰችው። «አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ። ሰው እንዳይሰማህ።»

«ፊትሽን አዙሪ፣ ብርሃኑ ዓይንሽን ይወጋሻል።»

ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ተንበረከከ፤ ዶክተሩ የተንበረከከበት ቦታ ላይ ሲንበረከክ ወለሉ ገና ሞቅ ያለ ነበር፤ ይህም አናደደው። ጭንብሉን አወረደና ኤሌክትሮዱን ስንጥቁ ላይ አስነካ።

ብረት ጨዋ ነው። ከመቅለጡ በፊት ይነግርሃል፤ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል፤ በያጅ ቀለሙን አይቶ እጁን ያነሳል። ፌሮ ሙያው ሁሉ ያቺን ቅላት መጠበቅ ነው። አሉሚኒየም ግን አይቀላም። ቀልጦ እስኪወርድ ድረስ ያንኑ የብር መልኩን እንደያዘ፣ ምንም እንዳልነካው ሰው ዝም ብሎ ያይሃል። አሉሚኒየም የነካ ሁሉ ይህን ያውቃል። ብረት ብቻ ሲበይድ የኖረ ሰው ደግሞ ጭንብሉ ውስጥ ሆኖ ቅላቱን ይጠብቃል።

ፌሮ ጠበቀ። አልቀላም። «ገና ነው» አለና ደግሞ ጠበቀ። እየጠበቀ ሳለ በሐሳቡ አባቱ ሲመለሱ አየ። ጎንበስ ብለው ስንጥቁን ያጣሉ፤ በእጃቸው ዳበስ ያደርጋሉ፤ «ጎበዝ» ይላሉ። ቃሉን በአባቱ ድምፅ ለመስማት ሞከረ፤ አልመጣለትም። ከዚህ በፊት ሰምቶት ስለማያውቅ ቃሉና ድምፁ አልገጥም አሉት። እሱን ትቶ የዶክተሩን ፊት አሰበ። ቁራጩን በብብቱ ይዞ፣ የሚለጥፍበት አጥቶ፣ ጃንጥላው ሥር ሳይሆን ፀሐይ ላይ ቆሞ። ይሄኛው ሐሳብ ጥርት ብሎ መጣለት፤ ጣፈጠው፤ ቆየበት።

ከሥሩ «ጠብ» አለ።

ጭንብሉን ሲያነሳ ስንጥቁ የለም። ስንጥቁ የነበረበት ቦታም የለም። በምትኩ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው ሣር ይታያል፤ ሣሩ ላይ የቀለጠ ነገር ይጨሳል። ጭሱ ሲገለጥ የእህቱ አንድ ዓይን መጣ።

«አየሁህ» አለች ጎንበስ ብላ።

«ዝም በይ።»

«ምንም አላልኩም። ከዚህ ጋ ሲያዩህ ግን በጣም ደንግጠሃል።»

የውጭው በር ተንቋቋ። ፌሮ ከጀልባዋ ዘሎ ገመዶቹን እየጎተተ በአጥሩ ላይ ወረወራቸውና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

አባቱ ከጀልባዋ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ቀዳዳውን ከላይ አዩት፤ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩት፤ ዙሪያውን ዞረው መጥተው ደግሞ ከላይ አዩት። በሹፌርነት ዘመናቸው መንገድ ላይ ግጭት ሲያጋጥማቸው የሚያደርጉት እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ መዞር፣ ቀጥሎ ዝም ማለት፣ ቀጥሎ ሹፌሩን መፈለግ።

«ማነው?» አሉ።

ፌሮ አፉን ከፈተ። ዶክተሩ ቀደመው።

«እኔ ነኝ አባባ።»

እህቱ ብርቱካኗን ማኘክ ተወች።

«ጠዋት ስንጥቁን ስሞርደው ከልኩ በላይ አሳሳሁት። ልነግርዎት አፈርኩ። ራሱ ወድቆ ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።» ይህን ብሎ ዶክተሩ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ቆመ፤ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው።

ፌሮ ልቡ በደስታ ዘለለ። አሁን ያያታል፣ አለ በሆዱ። አባቱ ግንባር ላይ አንዲት የደም ሥር አለች፤ ቁጣ ሲመጣ መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ናት፤ ፌሮ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ አየር ጠባይ ትንበያ ሲያነባት ኖሯል። እስክትነሳ ጠበቀ። አልተነሳችም።

«አይዞዎት ዶክተር» አሉ አባቱ። «ምን አለበት። ዕቃ አይደል እንዴ፣ ይሠራል።» ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት።

ፌሮ ግቢው ዞረበት። ቀዳዳውን የበሳው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በገዛ ኤሌክትሮዱ፣ በገዛ ሞኝነቱ። ይሄ ሰው ጃንጥላውን ወሰደ፣ ፌሮ ቻለው። ሳቁን ወሰደ፣ ቻለው። ነገ ደግሞ ሞተሩን ሊወስድ ነው። ጥፋት እንኳ ለባለቤቱ አይተውም? ያውም ጥፋቱን ወስዶ «አይዞዎት» ሊባልበት?

«የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?» አሉ አባቱ።

«ቀዳዳው። እኔ ነኝ የበሳሁት።»

«ሊሸፍንልኝ ብሎ ነው» አለ ዶክተሩ ፈጥኖ።

«አንተን? ምን በወጣኝ ነው አንተን የምሸፍነው?»

«ፌሮ፣ ልብህን አመሰግናለሁ። ግን የኔ ነው።»

«እንዲህ ያለ ቀዳዳ መብሳት ትችላለህ አንተ? ጠርዙን እስቲ እየው። ይሄ የሞረድ ሥራ ነው? በአንድ ኤሌክትሮድ ነው እኮ የከፈትኩት። እጅህን ከቀዳዳዬ ላይ አንሳ።» ወደ እህቱ ዞረ። «ምስክር አለኝ። ንገሪው።»

«እኔ የለሁበትም» አለች እህቱ። «አንዱ ባሌ ነው፣ አንዱ ደንቆሮ ወንድሜ ነው። በየትኛው ልፍረድ?»

«ፍርድ ምን ያደርጋል» አሉ አባቱ ዝግ ብለው። «ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ባርኔጣ ነው?»

ፌሮ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ። ጭንብሉ እዚያው ነበር።

ያኔ የደም ሥሯ ተነሳች።

«ስንት ዘመን ለመንኩህ? ቅዳሜ ትላለህ፤ ቅዳሜ ትላለህ። ቅዳሜ ስትለኝ እኔም አረጀሁ፣ እሷም አረጀች። ሰው ሊያድናት ሲመጣ ሾልከህ ገብተህ ትበሳታለህ? ማንኛውንም ብረት ብለህ ደግሞ ትጽፋለህ። ሰው ያነበዋል እኮ። እኔ በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።» ከዚያ ልጅ ሳለ ወደ ሰበረው የጎረቤት መስኮት ተሻገሩ፤ ከመስኮቱ ወደ ትምህርቱ፤ ከትምህርቱ ወደማይዘጋው በር፤ ከበሩ ወደ ፀጉሩ። አንድም አልዘለሉም። ፌሮ ጭንቅላቱን ደፍቶ ሲቀበል ቆየ። ድንገት ቀና ሲል ዶክተሩን አየው። ዶክተሩ ምግብ ቤት መስታወት ላይ አፍንጫውን እንደለጠፈ የራበው ሰው አፉን በትንሹ ከፍቶ ያዳምጥ ነበር።

«ግባ ሥር» አሉ አባቱ ሲደክማቸው።

«መዶሻው እኮ የኔ ሙያ...»

«ሥር ግባ አልኩህ። ከላይ ዶክተር ይመታሉ። እኔ እንግዲህ ቁጭ ልበልበት።» ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ዛፉ ሥር ጎትተው፣ ጃንጥላውን ለራሳቸው ዘርግተው ተቀመጡ።

ፌሮ ጆንያው ላይ ተጋደመ። ዶክተሩ ቁራጩን ከመደረቡ በፊት ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋና በሹክሹክታ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቆጡህ?» አለ።

«ዛሬ ቀለል ብሏል።»

«እኔ ስንቴ ሞከርኩ መሰለህ። የሬዲዮናቸውን አንቴና ሰበርኩት፤ 'አይዞዎት' አሉኝ። የበሩን ቁልፍ ጣልኩ፤ 'ያጋጥማል' አሉኝ። ሲያናግሩኝ የባንክ ሠራተኛ የሚያናግሩ ነው የሚመስሉት። አንተን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሚጠሩህ።»

«ምኑ ነው ታዲያ የሚያስቀናው?»

«ቅድም 'እኔ ነኝ' ያልኩት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለ ዶክተሩ። «አንድ ጊዜ እንኳ ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

ፌሮ በሱ የሚቀና ሰው ዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። መጀመሪያ ሞቅ አለው፤ ከጆሮው እስከ እግር ጣቱ ደስ የሚል ነገር ፈሰሰበት። ከዚያ ደስታው ሳያልቅ ሌላ ነገር ቆነጠጠው። ሰውየው ቁጣውም ላይ ዓይኑን ጥሎበታል ማለት ነው።

«ቁጣው የቤተሰብ ነው» አለው ከባዱን ብረት እያስጠጋ። «በከንቱ አትመኝ። ምታ ይልቅ።»

ቁራጩ ወረደና የዶክተሩ ፊት ጠፋ። «ኳ ኳ» አለ ከላይ። ፌሮ ጥቂት አስጠበቀው፤ ከዚያ «ኳ» ብሎ መለሰ። ምቱ በብረቱ አልፎ ክርኑ ድረስ ይሰማዋል። ቀጥ ያለ፣ የማይዛነፍ ምት ነበር። የጥርስ ሐኪም እጅ እንዲህ መምታቱ አንድ ሌላ የሚጠላበት ምክንያት ሆነለት።

እሁድ ጠዋት ጀልባዋን ሐይቁ ዳር አወረዷት። ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ወለሉን አዩ። ደረቅ ነው። «ያዳናት ሰው ይነዳታል» የሚለውን ነገር ማንም አላነሳም። ፌሮ ግን እንደ ዋዛ ሞተሩ አጠገብ ሄዶ ቆሟል፤ ዶክተሩም እንደ ዋዛ ሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱም ሞተሩን አያዩም፤ ሐይቁን የሚያደንቁ መስለው ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተዋል። ፌሮ ያ ቦታ ከሄደ ለእሁድ ምን ይቀረዋል?

አባቱ ሁለቱን አይተው ትራስ አወጡ። «ዶክተር፣ እርስዎ ከፊት። ይሄ የእርስዎ ነው፤ ወገብዎን እንዳያምዎት።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ኋላ ጠቆሙ። «አንተ ቀዳዳህ ላይ ተቀመጥ። ካስገባች አንተን ቀድማ ታርስህ።»

ፌሮ ሊያቅፋቸው ትንሽ ነው የቀረው። ሲቀመጥ የዶክተሩን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ። ቅር ብሎታል፤ በግልጽ ቅር ብሎታል፤ ትራሱን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ይህን ማየት ለፌሮ ከቁርስ በላይ ነበር። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ። እጀታው መዳፉ ውስጥ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያ ሁሉ ዘመን ቅዳሜ፣ ቅዳሜ እያለ ያባከነው እሁድ ሁሉ የተመለሰለት መሰለው። ዳርቻው ራቀ። ውሃው ለሁለት እየተቀደደ በግራና በቀኝ አለፈ። እግሩ ሥር ያለው ቁራጭ ጠብ አላደረገም።

አባቱ መሐል መቀመጫ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ፊት፣ ወደ ዶክተሩ። ጥቂት እንደሄዱ ማውራት ጀመሩ።

ፌሮ ጀርባቸውን ነው የሚያየው። ጀርባቸው ያወራል። ትከሻቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እጃቸው አንድ ነገር ይለካል፤ ጭንቅላታቸው ይነቀነቃል። ዶክተሩ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ «እህ፣ እህ» ይላል። ከዚያ ዶክተሩ ሳቀ። ከዚያ የአባቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ፌሮ አንገቱን አስግጎ አዳመጠ፤ ሞተሩ ሁሉንም ይውጠዋል። ቅናቱ ለካ ዳርቻው ላይ አልቀረም፤ አብሮ ተሳፍሯል።

ሞተሩን አጠፋው።

«ምን ሆነ?» አሉ አባቱ ሳይዞሩ።

«ሞቀ።»

«አሁን የተነሳ ሞተር?»

ፌሮ ወዲያ ወዲህ አየ። ሐይቁ መሐል መውጫ የለም። «ምን እያወራችሁ እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ዓሣ ያየ መስሎ ወደ ውሃው ዞረ።

«ስለ አንተ አይደለም» አሉ አባቱ።

ይሄ ደግሞ ከሁሉም ባሰበት። ሲያሙት ይሻል ነበር። «ስለ ማን ነው ታዲያ?»

«ስለ መንጋጋዬ።»

«መንጋጋዎን ያምዎታል? ለኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ሹፌር ነህ» አሉ አባቱ፣ ይህን ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ገርሟቸው። «ሹፌር እየነዳ አያወሩትም። ዕድሜ ልኬን ስነዳ ከኋላዬ ማን አወራኝ? በል አስነሳት፣ ነፋሱ ወደ ሸንበቆው እየወሰደን ነው።»

ፌሮ የማስነሻውን ገመድ ያዘ። ልጅ ሆኖ በዚህ ወንበር ላይ ያሳለፋቸው እሁዶች አንድ በአንድ መጡበት፤ አባቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የሚሄዱባቸው እሁዶች። ሁለት ሰው ሲግባባ እንዲህ ዝም ይላል ብሎ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። ለካ የአውቶቡስ ደንብ ነው። ይህን ማወቁ የሚሻል ይሁን የሚብስ መለየት አልቻለም። ፊት ለፊት ትራሱን የታቀፈው ሰውዬ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ በምኞት ያያል።

«ልቀይርህ ከፈለግክ» አለው ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«አያስፈልግም» አለ ፌሮ።

ሞተሩን አስነሳ፤ እጀታውን ግን እንደ ቅድሙ አላዞረውም። ጀልባዋ የምትሄድም የማትሄድም መስላ ተንፏቀቀች። አፍንጫዋን ከአቋራጩ መልሶ በሩቁ ዳርቻ በኩል፣ ዙሪያውን በሚወስደው መንገድ አዞራት። አባቱ ቀና ብለው ዳርቻውን አዩ፤ ወደ ዶክተሩ ተመለሱና ጉንጫቸውን በጣታቸው እየነኩ ቀጠሉ። ፌሮ ወደ ፊት ተደፋ። ከሞተሩ ማጉረምረም መሐል አንዳንድ ቃል ትደርሰው ጀመር። «ድድ» የምትል ሰማ። ቀጥሎ «ሌሊት ሌሊት» የምትል ሰማ። ቀጥሎ ጠፋበት።

ሞተሩን ትንሽ ደግሞ ቀነሰው።